በሰው ለቅሶ አንደኛ የወጣሁ ዕለት

ሰሞኑን የሰፈሬ ሰው እኔን ሲያይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ባለሱቁ ዳቦ የሚሰጠኝ በሁለት እጁ ሆኗል። ጎረቤቴ እትዬ በራቸው ላይ ጠብቀው «በረታህልኝ ወይ የኔ ልጅ?» ይሉኛል። አንገቴን ደፍቼ «እግዜር ይመስገን» እላለሁ። ምን ልበል?

ዘመድ አልሞተብኝም። የሞቱት ከኛ ግቢ ዝቅ ብሎ፣ አረንጓዴው በር ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ነፍስ ይማር። በሕይወት ሳሉ ያናገሩኝ ነገር ቢኖር «መኪናህን ከደጄ ላይ አንሳ» የሚል ነው። መኪና የለኝም። ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶባቸው ነበር።

ይህ ሁሉ የመጣብኝ በድመት ነው።

የድመት መጽሐፍ እወዳለሁ። የልጆቹን ማለቴ ነው። ሥዕል ያለውን፣ ድመቱ በልቡ የሚያስበው ከጭንቅላቱ በላይ በደመና የሚጻፍበትን። ዕድሜዬ ወደ አርባ ተጠግቷል። ፂሜ ውስጥ ሽበት ገብቷል። ማታ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የምገልጠው ግን ጋርፊልድን ነው። ያንን ወፍራም ብርቱካናማ ድመት። ላዛኛ የሚወደውን፣ ሥራ ሳይኖረው ሰኞን የሚጠላውን። እኔ ሥራ እያለኝ ሰኞን ስጠላ አለቃዬ «ስንፍና» ይለዋል። ጋርፊልድ በፈረንጆቹ 1978 በ41 ጋዜጦች ላይ ጀምሮ ይኸው እስከ ዛሬ በስንፍናው እንጀራውን ይበላል። አይ ዕድል!

ለምን እንደምወደው ለሚጠይቀኝ ሰው መልስ አለኝ፤ የሚጠይቀኝ አጥቼ እንጂ። የኛ አገር ድመት ሥራ ይበዛባታል። ቤት ውስጥ አይጥ ካልያዘች እራት የለም። ተረት ውስጥ ስትገባ ደግሞ ሰው ማስተማር አለባት። ወይ ትመነኩስና ዓመሏን ሳትረሳ ትቀራለች፣ ወይ አይጦች «ቃጭሉን አንገቷ ላይ ማን ይሰር» ብለው ስብሰባ ይቀመጡባታል። አንድ ቀን እንኳ ዝም ብላ ተኝታ ያደረችበት ተረት አልሰማሁም። ጋርፊልድ አይጥ አይዝም። ማንንም አያስተምርም። ይበላል፣ ይተኛል፣ ኦዲ የሚባለውን ውሻ ከጠረጴዛ ጫፍ ላይ ይገፈትራል። አለቀ። ቀኑን ሙሉ ሪፖርት ሲጽፍ ለዋለ ሰው ከዚህ በላይ ምን አለ?

መጽሐፎቹን የማገኘው ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ነው። ይኼ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። አንዱ ደንበኛዬ መጀመሪያ ላይ «ለልጅህ ነው?» አለኝ። «ለራሴ» አልኩት። ሳቀ። ቀልድ መሰለው። ሌላ ጊዜ ስሄድ «ለእህቴ ልጅ ነው» አልኩ፣ ለመገላገል። «ስንተኛ ክፍል ናት?» አለኝ። «አንደኛ» አልኩ። ጋርፊልዱን ከእጄ ተቀብሎ መልሶ ሰቀለውና «ይኼ ይከብዳታል» ብሎ የሀ ሁ ሰሌዳ አወጣልኝ። ሁለቱንም ገዛሁ። ምን አማራጭ ነበረኝ? ሰሌዳው አሁን ድረስ ኮመዲኖዬ ላይ ነው። እህት እኮ የለኝም።

ዋጋውንማ ተዉት። ልጁ ጋርፊልድ እንደሚያስፈልገኝ ገብቶታል። ፈረንሳይ ውስጥ ብሪታኒ በሚባለው ባሕር ዳርቻ የጋርፊልድ ቅርጽ ያላቸው የፕላስቲክ ስልኮች ከ1980ዎቹ ጀምሮ በማዕበል ሲገፉ ኖረዋል። ከየት እንደሚመጡ ግራ ሲያጋባ ቆይቶ፣ በ2019 አንድ የባሕር ዋሻ ውስጥ የመርከብ ኮንቴይነር ቅሪት ተገኘ። እዚያ ባሕሩ በነፃ ሲያድል እኔ እዚህ ግማሽ ሽፋኑ ለተቀደደ መጽሐፍ እከራከራለሁ።

ደግሞ እኮ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰውዬ የእንግሊዝ ቡድን ተሸነፈብኝ ብሎ እራት ሳይበላ ሲያድር «ደጋፊ ነው» ይባላል። ሚስቱ እንኳ ታከብርለታለች። ድመት ሲስቅልህ አብረህ ስትስቅ ግን «ሰላም ነህ?» ትባላለህ።

ወደ ለቅሶው ልመለስ።

ሣልስቱ ዕለት ከሥራ በቀጥታ ወደ ድንኳኑ ገባሁ። ጋርፊልዱ በጃኬቴ የውስጥ ኪስ አለ። ታክሲ ሰልፍ ላይ እያነበብኩት ነበር። ኦዲ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሆኖ ምላሱን አውጥቶ ቆሟል፣ ጋርፊልድ ከኋላው እየመጣ ነው፣ ታክሲው ደረሰ። እዚያ ላይ ነው ያቋረጥኩት።

ድንኳኑ ውስጥ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ንፍሮ ቀረበልኝ። ያው እንደተለመደው አጠገቤ ያሉት አባት በሹክሹክታ በሽታው ምን እንደነበረ ነገሩኝ። እኔም ከንፈሬን መጠጥኩ። ትንሽ ቆይቼ «እግዜር ያጥናችሁ» ብዬ ልወጣ ነበር ሐሳቤ።

የእድራችን ሊቀመንበር ተነሡ። በቀብሩ ዕለት ጊዜ ስላጠረ የሟች የሕይወት ታሪክ ሙሉውን ይነበባል አሉ። ወረቀቱን ሳይ ልቤ ወረደ። ዶክተር ሱስ የሚባለው አሜሪካዊ በ1957 ስለ ባለ ኮፍያው ድመት ሙሉ መጽሐፍ ሲጽፍ የተጠቀመው 236 የተለያዩ ቃላት ብቻ ነው። የኛ ሊቀመንበር በ236 ቃላት ሰላምታ አይጨርሱም።

ሊቀመንበሩ ፊት ትንሽ ጠረጴዛ አለች። ጠረጴዛዋ ላይ የሟች ፎቶ፣ ሻማ፣ የሊቀመንበሩ ሻይ። ከጠረጴዛዋ ኋላ ባለው ወንበር ላይ ደግሞ የቤቱ ድመት ተቀምጧል። ቀይ ነው። ሦስት ቀን የለቅሶ ቤት ምግብ ያገኘ ድመት። ሆዱ ወንበሩን ሞልቶ ተርፏል። ዓይኖቹን ግማሽ ድረስ ከድኖ ሕዝቡን ያያል፣ «ይኼ ሁሉ ሰው እኔ ቤት ምን ይሠራል?» በሚል ፊት። ቁርጥ እሱን! ወደ መሬት አቀረቀርኩ።

ሊቀመንበሩ «ትምህርታቸውንም በትጋት ተከታትለው» ሲሉ ቀና አልኩ። ድመቱ አንድ እጁን አንሥቶ የሻይ ብርጭቆው ላይ አሳርፏል። ገፋ አደረገው። ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ ብርጭቆውን ወደ ቦታው መለሱ። «ወደ ሥራ ዓለም በመሰማራት።» ድመቱ ገፋ። መለሱ። «በሥራቸውም ምስጉን የነበሩ።» ገፋ። መለሱ። ድመቱ ብርጭቆውን አያይም እኮ፣ ሊቀመንበሩን ነው የሚያየው። ብርጭቆው ጫፍ ላይ ደረሰ። በልቤ ኦዲ ምላሱን አውጥቶ ታየኝ።

ሳቅ ክልክል በሆነበት ቦታ ሲመጣ እንዴት እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ከንፈሬን ነከስኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። የሞተ አያቴን አሰብኩ፣ ያልከፈልኩትን የቤት ኪራይ አሰብኩ። ብርጭቆው ወደቀ። ሊቀመንበሩም በዚያው ድምፅ «በድንገት ከመካከላችን ተለዩ» አሉ።

ፊቴን በሁለት እጄ ሸፍኜ ጎንበስ አልኩ። ትከሻዬ እንደ ወፍጮ ቤት ይንቀጠቀጣል። ከጉሮሮዬ ያመለጠው ድምፅ «እህህህ» የሚል ነው። ከውስጥ ለሚያውቀው ሳቅ ነው። ድንኳን ውስጥ ለሚሰማው ግን ሌላ ነገር ነው።

አጠገቤ ያሉት አባት ጀርባዬን መታ መታ አደረጉ። «አይዞህ ልጄ፣ በቃ፣ አንጀትህን አትጉዳ።» አንጀቴ በእርግጥም እየተጎዳ ነበር። ሴቶቹ ወንድ ልጅ ስቅስቅ ሲል ሲሰሙ ቻሉት? ከወዲያ አንዷ «ዋይ!» አለች። ሌላዋ ተከተለች። ጋብ ብሎ የነበረው ለቅሶ እንደ አዲስ ተነሣ። የሟች ትልቋ ልጅ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ወንድሜ፣ ወንድሜ፣ አባዬ እንዴት ይወድህ ነበር!» የምትለው ስለማን እንደሆነ ፈጣሪ ይወቅ። ምናልባት ስለ ባለመኪናው ይሆናል።

እጄን ይዘው ወደ ፊት ወሰዱኝ። ፍራሹ ላይ፣ ከቤተሰቡ ጋር አስቀመጡኝ። ውሃ አመጡልኝ። እንባዬ እውነት ነው፤ ስስቅ ይወርዳል፣ ተፈጥሮዬ ነው። ከኋላዬ «በልጅነቱ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው አሉ» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። «እንዲያውም እንደ ልጃቸው ነው ያሳደጉት» አለ ሌላው። ውሃውን ጠጥቼ እስክጨርስ ያሳደጉኝ ልጅ ሆኜ አረፍኩት። ለመረጋጋት ቀና ስል ድመቱ ከፊቴ ነው። ፎቶው ሥር ተጋድሞ የወደቀውን ሻይ ይልሳል። እንደገና ተደፋሁ። «ኧረ ያዙት!» አለ ሰው። የራሳቸው የሟች ወንድሞች ዓይናቸውን ጠራርገው እኔን ማጽናናት ጀመሩ።

ልክ በዚያ መሐል፣ ስደፋና ስነሣ፣ ጋርፊልዱ ከኪሴ ሾልኮ ምንጣፉ ላይ ዱብ አለ። ሽፋኑ ወደ ላይ።

ድንኳኑ ዝም አለ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ከሜሪላንድ ለቀብር የመጣች የሟች የልጅ ልጅ አለች፣ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ብድግ ብላ ጮኸች። «ማሚ! ሉክ! ይኼ ሰውዬ ጋርፊልድ አለው!» መጽሐፉን አንሥታ ገለጥ ገለጥ አደረገችና፣ በዚያ በሚኮላተፍ አማርኛዋ ጨመረችልኝ። «ይኼን እኔ ቤቢ ሆኜ ነው ያነበብኩት።»

ቤቢ ሆኜ! ከዚህ ሁሉ ውስጥ እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። ሌሊት ጣሪያ ላይ አፍጥጬ ድምፅዋ ይሰማኛል።

ሊቀመንበሩ እጃቸውን ዘረጉ። መጽሐፉን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ በዚያው የሕይወት ታሪክ ባነበቡበት ፊት ተመለከቱት። «ምንድን ነው ይኼ ልጄ?»

ላብ አጠመቀኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ የማውቀው ነገር ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ደራሲው ጂም ዴቪስ ይባላል። ይኼን... ስሙን ያወጣለት በአያቱ ነው። አያቱ ጄምስ ጋርፊልድ ዴቪስ ይባሉ ነበር። ኮስታራ ሰው ነበሩ።» እውነት ነው፣ አንድም የዋሸሁት የለም። ሰውዬው ኢንዲያና ውስጥ 25 ያህል ድመቶች ባሉበት እርሻ ላይ እንዳደገ ልጨምር ስል ሊቀመንበሩ እጃቸውን አነሡ። ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ስለ አያት የተጻፈ መጽሐፍ ነው» አሉ።

ሕዝቡ «እህ» አለ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። «አዪዪ» አሉ አንዲት እናት፣ «ሲያነብ ነው ለካ ሆድ የባሰው።» ልጅቷ «ኖ! ድመት ነው!» ብትልም እናቷ «እሽሽ፣ አያትሽ ሞተዋል» አለቻት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሊቀመንበሩ ግን ንግግር ካልዘጉ አይቀመጡም። ጎንበስ ብለው መጽሐፉን ለልጅቷ ሰጧት። «እንኪ ልጄ፣ ይኼ ወንድምሽ ስለ አያት የሚያነበውን ላንቺ ሰጥቶሻል። ውሰጂው። በሰው አገር ታስታውሻቸዋለሽ።» ሁሉም ወደ እኔ አየ። ቤተሰቡ እንባ አቀረረ። ምን እላለሁ? «ይሁን» አልኩ። በዚህ ጊዜ ያለቀስኩት የእውነቴን ነው።

ቤቢ ሆና የጨረሰችውን መጽሐፍ! አሜሪካ በየቤተ መጻሕፍቱ ሞልቶ ለሚያገኙት! እኔ እኮ ኦዲ ወድቆ ይሁን ተርፎ አላየሁም። ለሻጩ የከፈልኩት፣ የሀ ሁ ሰሌዳውን ሳይጨምር፣ የአንድ ሳምንት ምሳዬ ነው። አሁን ማን ላይ ይጠየቃል? «ያሳደጉኝን አባት ለቅሶ ላይ የሰጠሁትን መጽሐፍ መልሱልኝ» ይባላል? ከነሻንጣቸው በረዋል።

ትናንት ሊቀመንበሩ መንገድ ላይ አገኙኝ። ትከሻዬን ያዝ አደረጉ። «አየህ፣ እንዳንተ ያለ አልቃሽ ከጠፋ ቆየ» አሉኝ። «ከታች ሰፈር ቅዳሜ ሣልስት አለ። ቤተሰቡ ትንሽ ደረቅ ነው፣ ለቅሶው ቀዝቀዝ ብሏል። ብቅ ብትል ደስ ይለኛል።»

ድመት አላቸው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።