«እግርህን ለመናወጥ አይሰጠውም»

ከሁሉ በፊት ክብር ለልዑል እግዚአብሔር ይሁን። እመቤቴም ትመስገን። በጉባኤ ቆሜ ልመሰክር ስል እንባ ይቀድመኛል፤ በጽሑፍ ይሻለኛል።

አባቴ እግሩን እያነሳ እየጣለ ነበር የሚሄደው። ጉልበቱ ከፍ ይላል፣ ጣቶቹ ግን መሬት መሬት ያያሉ። ሰፈር ውስጥ «የዘር እርግማን ነው» ይባል ነበር። በሃያዎቹ ዕድሜዬ እኔም ላይ መጣ። የምንጣፍ ጠርዝ ይጥለኛል። ወለም ይለኛል፣ ወጌሻ ያሸኛል፣ ደግሞ ወለም ይለኛል። ጸበሉም ሱባኤውም አልቀረኝም።

ያቺ ሌሊት ክረምት ነበር። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል። መብራት የለም። የስልኬ ባትሪ አልቋል። ልጄ በትኩሳት ነዷል፤ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ይሰረጉዳል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እግሬ መሬቱን በደንብ አይሰማውም። በብርሃን ዓይኔ ያግዘዋል፤ በጨለማ ግን የት እንደረገጥኩ አላውቅም። ልጄን በነጠላ ደረቴ ላይ አሰርኩትና ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅኩ ወረድኩ። ሲሚንቶው እርጥብ ነው። አንድ እርከን። ልጄ ያቃስታል። ሌላ እርከን። መታጠፊያው ላይ ተነስቼ መዞር ነበረብኝ፤ ብረቱን ይዤ ስነሳ ቁርጭምጭሚቴ ታጠፈ። በጎኔ ወደቅኩ። ልጄን አቅፌው ስለነበር እሱ አልተነካም።

እዚያው ወድቄ እግዚአብሔርን ተናገርኩት። ጸሎት አይደለም፣ ጠብ ነው። «አባቴን አላነሳኸውም፣ እኔን አልሰማኸኝም፣ አሁን ደግሞ ልጄን ከእጄ ልትወስድ ነው?» ከዚህም የባሰ ብያለሁ፣ አልጽፈውም። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ አባቴ ማታ ማታ ይደግመው የነበረው ዳዊት አፌ ላይ ሆነ። «እግርህን ለመናወጥ አይሰጠውም፤ የሚጠብቅህም አይተኛም።» እኔ እኮ እግሬ ተናውጦ ወለል ላይ የተዘረጋሁ ሰው ነኝ! በንዴት ሳቅኩ። ሳቄን ይሁን ጩኸቴን ሰምተው የግቢው ዘበኛ ባትሪ ይዘው ወጡ። «አይዞሽ ልጄ፣ ስጪኝ እኔ ልያዘው» አሉኝ። ባጃጅ ያመጡትም እሳቸው ናቸው። አባባ፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው ካለ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የሳንባ ምች ነበር። ኦክስጅን ተደረገለት፣ መርፌ ተጀመረለት። ሲነጋ «ውሃ» አለኝ። ተመስገን!

ተረኛዋ ሐኪም ያበጠ እግሬን ልታይ ጫማዬን አስወለቀችኝ። እብጠቱን ትታ መሃሉ ጎብጦ ከፍ ያለውን እግሬን፣ የተቆለመሙ ጣቶቼንና የሳሳ ባቴን አየች። «ከቤተሰብ እንዲህ ያለው አለ?» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሐኪም አልነበረም። ዶክተር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ወደ ነርቭ ሐኪም ላከችኝ፤ በወረፋና በቀጠሮ ወራት አለፉ።

ሕመሜን ሻርኮ-ማሪ-ቱዝ አሉት። በ1886 እ.ኤ.አ. በገለጹት ሦስት ሐኪሞች ስም ይጠራል፤ ከ2,500 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። በዘር የሚወረስ የነርቭ ሕመም እንጂ እርግማን አይደለም። የሚያድን መድኃኒት የለውም። አለቀስኩ፣ ግን ያለቀስኩት ለአባቴ ነው።

«እግርሽን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ፣ ጫማ ውስጥ የሚገባ ድጋፍ ግን አለ» አሉኝ። ባለሙያው ከጉልበቴ በታች በጄሶ ጠቀለለኝ፤ እስኪደርቅ እግሬን ቀጥ አድርጎ በእጁ ያዘው። ጄሶውን ቀዶ አወጣ፣ ውስጡን ሌላ ጄሶ ሞልቶ የእግሬን ቅርጽ ሠራ። በምድጃ የጋለ ፕላስቲክ አለበሰው። መጀመሪያ ስሞክረው አጥንቴን ፋቀኝ፤ እዚያች ቦታ ላይ አሙቆ ገፋ አደረጋት። «ስሜትሽ ደካማ ስለሆነ ስታወልቂ ቆዳሽን እዪው፤ ቅላቱ ቶሎ ካልጠፋ ተመለሺ» አለኝ። ጫማዬ ቁጥሩ ጨመረ፣ ካልሲዬ እስከ ጉልበት ሆነ። ለፋሽን አይሆንም።

የለመንኩት ይህን አልነበረም፤ ፈውስ ነው የለመንኩት። ድጋፉን ሳወልቅ እግሬ ያው ይንጠለጠላል። ድጋፉ ያለ ጫማ ስለማይሆን ቤተ መቅደስ አልገባም፤ ከውጭ ግቢው ውስጥ አስቀድሳለሁ። ዘንድሮ ግን የትንሣኤን ሌሊት ቆሜ አደርኩ፣ ልጄንም ይዤ አራተኛ ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። ስሙ ይባረክ።

እህቴም እግሯን መጎተት ጀምራለች። ከደሴ ስትመጣ ወደዚያው ሐኪም እወስዳታለሁ። ልጄንም ያዩታል፤ በእኔ ዓይነት የመውረሱ ነገር እኩል በእኩል ነው ብለውኛል። በጸሎታችሁ አስቡን።