ርኅራኄን አብሮ መለማመድ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ እንዴት እንደጀመርነው

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጎጃም ውስጥ ሐዘን ያልገባበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ መልሶ ይዘጋል። ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ደጅ ይውላሉ። ከገጠር የሸሹ ቤተሰቦች ዘመድ ቤት ተጠግተው አንድ ክፍል ይጋራሉ። የአንዱን ለቅሶ ደርሰን ሳንጨርስ የሌላው መርዶ ይመጣል።

በዚህ መሀል እኔና ጥቂት የደብረ ማርቆስ ጎረቤቶቼ በየሳምንቱ እየተገናኘን፣ ከቡድሃ ትምህርት የተወሰደ የርኅራኄ ልምምድ እንለማመዳለን። የሚሰማ ሁሉ ግር ይለዋል። "ምንድን ነው እሱ? ምንስ ይጠቅማል?" ይሉኛል። እንዴት እንደጀመርነውና ምን እንዳስተማረን እንደወረደ ልጻፈው።

ልምምዱን ያገኘሁት ሕንድ ነው። ማስተርሴን ፑኔ ስማር አንድ የክፍል ጓደኛዬ ኢጋትፑሪ ወደምትባል ከተማ ወሰደኝ። እዚያ ኤስ. ኤን. ጎይንካ የመሠረቱት፣ ቪፓሳና የሚባለውን የቡድሃ የማሰላሰል ልምምድ የሚያስተምር ትልቅ ማዕከል አለ። ጎይንካ በርማ ተወልደው ያደጉ፣ የሕንድ ዘር ያላቸው ነጋዴ ነበሩ፤ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕንድ ውስጥ አስተምረዋል። ኮርሱ 10 ቀን ነው፤ አብዛኛው በዝምታ ያልፋል። ክፍያ የለውም። የአንተን ወጪ የሚሸፍነው ከአንተ በፊት የሰለጠነ ሰው የሰጠው ስጦታ ነው። ሂንዱውም፣ ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ሃይማኖትህን ቀይር የሚልህ የለም። መጨረሻ ላይ ሜታ የሚሉትን ያስተምራሉ፤ ለራስም ለፍጡር ሁሉም በጎ መመኘት ነው። ከእሱ ጋር አብሮ የሚሄደው ካሩና ነው። የተጨነቀ ስታይ ጭንቀቱ እንዲቀልለት መሻት፣ ለዚያም መነሣት።

አገሬ ከገባሁ በኋላ ብቻዬን እቀመጥ ነበር። በደኅናው ጊዜ ይበቃኝ ነበር። ይህ ሁሉ ሲመጣ ግን ብቻዬን የምችለው አልሆነም።

አብረን እንድንጀምር ምክንያት የሆነችው ጎረቤቴ ናት። ነርስ ናት። አንድ ማታ ከሥራ ስትመለስ አጥር ላይ ቆመን እያወራን፣ "ማዘን አቃተኝ" አለችኝ። "በሽተኛ ሲያቃስት እሰማለሁ፣ እጄ ይሠራል፣ ልቤ ግን የለም። ልጄ ሲያለቅስ እንኳ አይሰማኝም።" ክፉ ሰው የሆነች መስሏት ፈርታ ነበር።

ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ፣ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ስሪላንካ ውስጥ የጻፈው መነኩሴ ቡድሃጎሳ ነው። እያንዳንዱ በጎ ጠባይ ሁለት ጠላት አለው ይላል፤ አንዱ ሩቅ፣ አንዱ ቅርብ። የርኅራኄ ሩቅ ጠላት ጭካኔ ነው፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። ቅርብ ጠላቱ ግን ሐዘን ነው። ርኅራኄ መስሎ ይገባና ሰውየውን ይዞት ይሰምጣል። በእኛም ዘመን ፈረንሳዊው የቲቤት ሥርዓት መነኩሴ ማቲዩ ሪካርድ፣ ከጀርመናዊቷ ተመራማሪ ታኒያ ዚንገር ጋር ሆኖ ይህን በአንጎል መመርመሪያ ማሽን ውስጥ ተኝቶ ሞክሮታል። የሰው ስቃይ እየተጋራ ብቻ ሲቆይ ብዙም ሳይሄድ ዛለ። ወደ ርኅራኄ ልምምድ ሲዞር፣ ያው ስቃይ በሐሳቡ ፊት እያለ ብርታት አገኘ። ለነርሷ ይህን ስነግራት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። "እንግዲህ አስተምረኛ!" አለችኝ።

ለቅሶን እያጣጣልሁ አይደለም። ለቅሶ ቦታ አለው፣ ድንኳን አለው፣ እድር አለው። አልቅሰህ፣ አስተዛዝነህ፣ እህል ቀምሰህ ትመለሳለህ። የማያልቀው ስልክ ላይ ያለው ነው። ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሲመለስ ያመለጠን ሥዕል ሁሉ ባንዴ ጎረፈብን። ሌሊቱን እሱን ስናይ አድረን ጠዋት ለጎረቤት የሚተርፍ ጉልበት አይኖረንም። ከልምምዱ በፊት ስልክ ከክፍሉ ውጭ ይቀመጣል። ዜናም አናወራም።

የምንገናኘው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጡረታ በወጡ አንድ መምህር ሳሎን። ነርሷ አለች። በሶና ቆሎ ሸጣ የምትተዳደር እናት አለች። አንድ ሙስሊም ልብስ ሰፊ አለ። ሌሎችም ይመጣሉ፣ ይቀራሉ። ወንበርም፣ ዱካም፣ መደብም ላይ እንቀመጣለን፤ ወገብ ቀና ካለ ይበቃል። መጀመሪያ ትንፋሻችንን እንከተላለን። ከዚያ ተራ የደረሰው ሰው ዝግ ባለ ድምፅ ይመራል።

ቡድሃጎሳ ለሜታ ያስቀመጠው ቅደም ተከተል አለ። ከራስህ ትጀምራለህ። ከዚያ የምታከብረው ባለውለታ፣ ወዳጅህ፣ ከዚያ የማትወደውም የማትጠላውም ሰው፣ በመጨረሻ ጠላትህ ይመጣል። ለካሩና ግን መነሻው ይለያል፤ መከራው ፊት ለፊት የሚታይ ሰው ይዘህ ጀምር ይላል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። የቡድሃ ትምህርት የተጻፈበትን የጥንቱን የፓሊ ቋንቋ ቃል አንደግምም። በራሳችን አፍ፣ "ከፍርሃት ይዳን። ሕመሙ ይቅለለው። እንቅልፍ ይውሰደው። ቤቱ ይግባ" እንላለን። "ቤቱ ይግባ" የሚለውን የጨመረችው በሶ ሻጯ ናት፤ ከቀያቸው የወጡትን አስባ።

አንድ ነገር ከሁሉ በላይ ከበደን። ልጇ የሞተባት ሴት መጣች፤ ዓይኗን ስትጨፍን የምታየው እሱን ብቻ ነው። ቡድሃጎሳ የሚያወሳው አንድ ወጣት መነኩሴ አለ። መምህሩን እያሰበ ሜታ ሲለማመድ ነገሩ አልሄድ አለው። ሽማግሌ መነኩሴ ዘንድ ሄዶ ቢጠይቅ፣ የምታስበውን ሰው መርምር ተባለ። ለካ መምህሩ ሞተዋል። ከዚያ ሌላ ሰው ይዞ ቀጠለ። ይህ ልምምድ የሚያዘው በሕይወት ላለ ሰው ነው። ታሪኩን ለሴትዮዋ እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኝ ነበር። ሰማችኝና ዝም ብላ ቆየች። "ለእሱስ ፍትሐቱም ተዝካሩም አለለት" አለች። "እኔ የቀረችውን ምራቴን ልያዝ።" ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትይዘው ምራቷን ነው።

ጠላት ላይ ስንደርስ ማንም አይገደድም። የማንን ስም እንደያዘ የሚጠይቀውም የለም። ወንድሙ የተገደለበትን ሰው ገዳዩን በጎ ተመኝለት ማለት ጭካኔ ነው። ሰው ከቀላሉ ይጀምር፤ ድንበር ከገፋበት ጎረቤት፣ ክፉ ቃል ከተናገረው የሥራ ባልደረባ። አንዳንዱ እዚያው ይቆያል፤ ይቆይ። እኔን የሚያበረታኝ የካምቦዲያው መነኩሴ ማሃ ጎሳናንዳ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አገሪቱን የገዙት ኮሚኒስቶች፣ ኬሜር ሩዦች፣ ቤተሰቡን ፈጅተውበታል። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ታይላንድ ጠረፍ ላይ ወዳለው የስደተኞች ካምፕ ሄዶ፣ ጥላቻ በጥላቻ አይበርድም፣ በፍቅር እንጂ የሚለውን የቡድሃ ቃል አዜመላቸው። ሕዝቡ እያለቀሰ አብሮት አዜመ። በ1992 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስደተኞችን ይዞ በእግር ወደ አገራቸው ተመለሰ። ያን ሁሉ ያደረገው ከሕዝቡ መሀል ሆኖ ነው።

ከመነሣታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፤ "በዚህ ሳምንት ማን ዘንድ እንሂድ?" ይህ ከሌለ ልምምዱ ጎደሎ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ጊዜ ቡድሃ ከደቀ መዝሙሩ ከአናንዳ ጋር ሲያልፉ፣ በተቅማጥ የታመመ መነኩሴ በራሱ ቆሻሻ ላይ ወድቆ አገኙት። ጓደኞቹ ትተውታል። ቡድሃ ውኃ አፈሰሰ፣ አናንዳ አጠበው። አንዱ በራስጌ፣ አንዱ በእግርጌ ይዘው አልጋ ላይ አስተኙት። ከዚያ ቡድሃ መነኮሳቱን ሰብስቦ፣ የምታስታምማችሁ እናት የለቻችሁም፣ አባትም የላችሁም፤ አንዱ ሌላውን ካላስታመመ ማን ያስታምማችኋል አላቸው። እኔን የሚያገለግል የታመመውን ያገልግል አለ። "ታምሜ ጠይቃችሁኛል" የሚለውን ወንጌል ሰምቶ ላደገ ጎጃሜ ይህ ባዕድ አይሆንበትም።

ነርሷ ከሩቅ ወረዳ የመጡ አንድ አዛውንት እንዳሉ ነገረችን። አስታማሚ ልጃቸው ስንቅ ሊያመጣ ሄዶ መንገድ ተዘግቶበታል። ተራ ገባን። በእኔ ተራ ለብ ያለ ውኃ በጆግ፣ ሳሙናና ሳፋ ይዤ እግራቸውን አጠብሁ። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ የማሳው ጥቁር አፈር ገና አለ። በጣቴ ቀስ እያልሁ አስለቀቅሁት።

"የማን ልጅ ነህ አንተ?" አሉኝ።

የአባቴን ስም ነገርኋቸው።

"አላውቀው። እናትህስ የት ናት አገሯ?"

"ብቸና፣ አባቴ።"

"ብቸና ገበያ በሬ ገዝቻለሁ!" አሉና ፊታቸው ፈካ። ሌላውን እግራቸውን እስክጨርስ ስለዚያ በሬ አወሩልኝ። ቀንበር ሲያይ ራሱ አንገቱን ይሰጥ ነበር አሉ። ክፍሉ ይሸታል፣ ጎናቸው ያለው በሽተኛ ያቃስታል። እኔ ግን ለመውጣት አልቸኮልሁም። "ሕመማቸው ይቅለላቸው" የሚለው ቃል በውስጤ ይመላለስ ነበር። ቁጭ ብለን የምንደግመው ነገር እዚያ መጥቶ እጄን ሲያቆየው አየሁት።

አብሮ መለማመድ ለምን? መልሱ ወንፈል ነው። ገበሬ ዛሬ ለአንተ ያርማል፣ ነገ አንተ ለእሱ ታርማለህ፤ የማንም ማሳ አረም አይውጠውም። እኛም ዘንድ ልቡ የደረቀበት ሰው "ዛሬ አልቻልሁም" ብሎ መቀመጥ ይችላል። ሌሎቹ ይዘውለት ይቆያሉ፤ ለእሱም ይመኙለታል። ነርሷ ለብዙ ጊዜ እንዲያ ነበረች። ማንም አልጠየቃትም። ኋላ አንድ እሑድ መምራት ስትጀምር ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፣ አለቀሰች፣ ቀጠለች። "ተመለሰልኝ" አለች ስንወጣ።

የሃይማኖቱ ጉዳይ መነሣቱ አልቀረም። እኔ ራሴ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ቡድሃን አላመልክም። ሰፈራችን ውስጥ ያሉ አንድ የቅኔ መምህር ስለ እኛ ሰምተው አስጠሩኝ።

"ምስል ታቆማላችሁ?"

"የለም፣ የኔታ።"

"ምን ታደርጋላችሁ ታዲያ?"

"ቁጭ ብለን የተጨነቀ ሰው እናስባለን። ከዚያ ሄደን እንጠይቀዋለን።"

ጥቂት አሰቡና፣ "ጠይቁ። ጸሎታችሁን ግን እንዳትተዉ" አሉኝ። አልተውንም። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን ሲገቡ ልብስ ሰፊውም እኛም ጾመን ተቀመጥን። እሱ ለአፍጥር ሲነሣ እኛ ጫማችንን እንፈልግ ነበር።

ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ የምመክረው ይህ ነው። ሦስት ሰው ይበቃል። ግማሽ ሰዓትም ይበቃል። ተኩስ የሰማ ሰው ዓይኑን ሲጨፍን የሚመጣበት ነገር አለ፤ ዓይኑን ገልጦ ወለል እያየ ይቀመጥ፣ ሲከብደው ተነሥቶ ይውጣ፣ አትከተሉት በዓይናችሁ። ቲቤቶች የሌላውን ጭንቀት በትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበው እፎይታን ወደ ውጭ የሚልኩበት ልምምድ አላቸው። ድንቅ ነው፤ ለአዲስ ሐዘንተኛ ግን አልሰጥም። መሪነቱ ለአንድ ሰው አይተው። የምትጠይቁትን ሰው ሳትወስኑ አትበተኑ፤ ማን እንደሚሄድና መቼ እንደሚሄድም እዚያው ተነጋገሩ። ሰው ቢጎድልም በተባለው ሰዓት ጀምሩ፤ የዘገየ ሰው በሩን ቀስ አድርጎ ይግባ።