ጣልያን ችቦ ያበራበት ዋዜማ

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ! የምጽፍላችሁ ከሮም ነው። እግሬ እስካሁን ይጠዘጥዘኛል፤ ልቤ ግን ደስ ብሎታል።

ትናንት ጳጉሜን 5 ነበር። እኔና ባለቤቴ ከፍራንክፈርት የመጣነው ለዚሁ ቀን ብለን ነው። አበበ ቢቂላ በሮም ኦሎምፒክ ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ጉድ ያሰኘው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ ልክ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ትናንት 65 ዓመት ሞላው።

አባዬ ይህን ቀን ረስቶት አያውቅም። ችቦው መታሰር ሲጀምር የእሱም ወሬ ይጀምራል። «ሩጫው አመሻሽ ላይ ተነሣ፤ መንገድ ላይ ጨለመባቸው። የጣልያን ወታደሮች ዳር ዳሩን ቆመው ችቦ አበሩ። ልብ በሉ፣ በእኛ ዋዜማ!» ይላል። ይህን ሳይል ችቦ ለኩሶ አያውቅም። እሱ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አበበ አዲስ አበባ ሲገባ ያየው አጎቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ነው።

አባዬ ባለፈው ጥር ዐረፈ። ይህ ያለ እሱ የመጀመሪያው እንቁጣጣሻችን ነው።

«ቤት ቁጭ ብለሽ ከምታለቅሺ እሱ ያወራልንን መንገድ እንሂድበት» ያለኝ ባለቤቴ ነው። ቲኬቱን የቆረጠው፣ ካርታውን ያጠናው እሱ ነው። የኔ ጌታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጠዋት ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ተነሣን። እዚያው አጠገብ ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ድል ላደረጓቸው የጣልያን ወታደሮች የቆመ መታሰቢያ አለ። በወረራው ዘመን የለገሃሩ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ተዘርፎ መጥቶ የተቀመጠው እዚህ ሥር ነው። ዛሬ አንበሳው አገሩ ገብቷል። ከዚያ ወደ ካምፒዶሊዮ ኮረብታ ወረድን፤ ሩጫው የተነሣው ከደረጃው ሥር ነው። ከላይ ሆነን የጥንቱን ፍርስራሽ አየን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ቺርኮ ማሲሞን አልፈን ፖርታ ሳን ሰባስቲያኖ በሚባለው የጥንቱ ከተማ በር ወጣን። ሮም ለእግረኛ ደግ ናት። በየመንገዱ ውኃ ያለማቋረጥ የሚወርድበት ቧንቧ አለ፤ ጠርሙስህን ሞልተህ መሄድ ነው፣ ከፈል የሚልህ የለም።

አፒያ አንቲካ የሚባለውን የጥንት ሮማውያን መንገድ ግን ካላዩት አያምኑትም። ከከተማው እየራቅን ስንሄድ የጥንቱ ድንጋይ መጣ። ጥቁር ነው፣ ሰፋፊ ነው፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያለ። ጫማ አድርጌ እንኳን ቁርጭምጭሚቴ ሊዞር ነበር። ጎንበስ ብዬ ዳበስኩት። የሠረገላ ጎማ የቦረቦረው መስመር አለ፤ ጣቴ ገባበት። አበበ በዚህ መንገድ ነው በጨለማ፣ በባዶ እግሩ የመጣው።

እዚያው የመንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያኔ ጥር ላይ ያላለቀስኩትን ማለት ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ነበር። የሚመለከተው ቢሮ መልስ ሳይሰጠኝ ቀብሩ አለፈ። አባቴን የቀበርኩት በስልክ ነው። ባለቤቴ ምንም አላለኝም። ውኃውን ሰጠኝና አጠገቤ ተቀመጠ።

በዚህ በዓል ስማቸውን ባልጠራም ራሳቸውን የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ከቤት እስከ መቃብር ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ አንዲት ነገር እንዳታመልጠኝ ያደረገው የጎረቤታችን ልጅ፣ እደግ፣ ተመንደግ። የእድራችን ዳኛ፣ ድንኳኑ ውስጥ «ልጃቸው በእኛ በኩል ቆማለች» ማለትዎን ነግረውኛል፤ አልረሳውም። አርባው እስኪወጣ በየማለዳው ቡና ይዘው እናቴ ዘንድ የመጡት የግቢያችን እማማ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ። የፍራንክፈርት ሴቶች ደግሞ ከሥራ መልስ ድስታችሁን ተሸክማችሁ ቤቴን ለቅሶ ቤት አደረጋችሁት። በእናንተ ነው የተጽናናሁት።

ወደ ከተማ ስንመለስ መሽቶ ነበር። ፖርታ ካፔና ደረስን። የአክሱም ሐውልት በ1937 እ.ኤ.አ. ተወስዶ የቆመው እዚህ አደባባይ ላይ ነው፤ አበበ ሲያልፍም እዚሁ ነበር። እሱና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ሐውልቱን ምልክት አድርገው ተነጋግረው ነበር ይባላል። ከጎኑ የቀረው የሞሮኮው ራዲ ብቻ ነው። ሐውልቱን ሲያልፉ አበበ አፈተለከ። አባዬ «ሐውልቱ ነው የገፋው» ይላል፤ እኔም እንደሱ ነው የማምነው። 24 ሜትር የሚረዝመው ድንጋይ በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተጭኖ አገሩ ገባ። ዛሬ ቦታው ላይ በአሜሪካ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. በደረሰው ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ ሁለት ዓምዶች ቆመዋል። ለእነሱም ነፍስ ይማር አልን።

ከዚያ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ የሚባለው ጎዳና ነው። ግድግዳው ላይ የአበበ መታሰቢያ ሰሌዳ አለ፤ ቱሪስቱ ወደ ኮሎሲየም ሲጣደፍ ሳያየው ያልፋል። እኛ ቆመን አነበብን። ባለቤቴ ስልኩን አብርቶ ከፍ አድርጎ ያዘና «እዮሃ አበባዬ» ብሎ ጀመረ። ተቀበልኩት። እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ድረስ እየዘፈንን ሄድን። አበበ እዚያ የገባው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው፤ ያኔ የዓለም ክብረ ወሰን። ረቡዕ ስለሆነ ማታ ተርሚኒ አካባቢ ካለ የአበሻ ቤት በያይነቱ በላን።

ዘንድሮ የምመኝላችሁ ይህን ነው። በወረቀት ምክንያት ወላጁን ሳይቀብር የሚቀር ሰው አይኑር። ፋይል የያዛችሁ ሁሉ፣ ከፋይሉ ጀርባ ለቅሶ ሊኖር እንደሚችል አስቡልን። የተፈናቀለው ወገናችን ቀዬው ገብቶ በገዛ ደጁ ችቦ ያብራ።

ጥር ላይ የአባዬ ሙት ዓመት ነው። ወረቀቴ ታድሷል፣ ሁለታችንም እንመጣለን። እማማ፣ ያን ሰሞን ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ቁጭ ይበሉ። መልካም አዲስ ዓመት!