ስለ ቡቺ የተደረገ ስብሰባ

እሑድ ማታ፣ ሐዋሳ

ዛሬ ከሰዓት ቡና ላይ የተሰበሰብነው ስለ ውሻ ልንነጋገር ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ዘበኛችን ጋሽ ደምሴ፣ የእንስሳት ሐኪሟና አሰልጣኙ ልጅ። ለአንድ ውሻ አምስት ሰው! ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ባጥሩ በላይ ብቅ ብለው «ምንድነው፣ ሽምግልና ተቀመጣችሁ እንዴ?» አሉን። ሳቅን። ግን ብዙም አልተሳሳቱም።

በራችን ላይ «ተናካሽ ውሻ አለ» ብለን ስንለጥፍ ለሌባ ማስፈራሪያ ነበር። እያደር እውነት ሆነ። ቡቺ መጀመሪያ ባጃጅ ሲሰማ ነበር የሚያብደው። ቀጥሎ በበሩ ሥር የሚያልፍ ውሻ ሁሉ ጠላቱ ሆነ። በክረምቱ ደግሞ እንጀራ ልታደርስ የመጣችውን ልጅ ክንዷን ያዛት።

ቁስሉ ትንሽ ነበር። ጋሽ ደምሴ ግን ልጅቷን ቧንቧው ሥር አስቀምጠው በሳሙና ሲያጥቡላት ቆዩ። ሐኪሟ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ የመጀመሪያው ሕክምና ነው፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ቡቺ ክትባቱ ያላለፈበት ቢሆንም 10 ቀን ለብቻው ተደርጎ ክትትል ተደረገለት። ደህና ነው።

ከዚያ ምክር ዘነበብን። «ርቦት ነው»፣ «ጠግቦ ነው»፣ «ሥጋ አቁሙበት»። አንድ አሰልጣኝ ነኝ ባይም መጥቶ ነበር። አለቃው ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት ብሎ ዱላ አነሳ። ከግቢ አስወጣነው። ቡቺ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማጉረምረሙን ቀነሰ፤ እኛም ተሻለው ብለን ነበር። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያውን በዱላ ብታጠፋው ፍርሃቱ እዚያው አለ፤ ውሻው ሳይናገር መንከስ ይለምዳል።

ውጭ አገር ለእንዲህ ያለ ውሻ ቡድን ይቆምለታል። ሕመሙን የሚያይ ሐኪም፣ ጠባዩን ያጠና ሐኪም፣ አሰልጣኝ፣ አንዳንዴም ጡንቻና መገጣጠሚያ የሚያፍታታ ባለሙያ። ካስፈለገ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ ጭንቀት የሚቀንስ መድኃኒት ይታዘዛል፤ እሱም ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃል። እኔ ሐዋሳ ላይ ይህን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር አላገኘሁም። ስለዚህ ቡና አፈላን።

ሐኪሟ እዚሁ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የተማረች ናት። ቀኗን የምትውለው ከላምና ከዶሮ ጋር ነው። ቡቺን ከመንካቷ በፊት አሰልጣኙ ልጅ ቅርጫት የመሰለውን የአፍ መከላከያ አጠለቀለት። አጠለቀለት ማለት እንኳ ልክ አይደለም። ውስጡ ኦቾሎኒ ቅቤ ቀብቶ ያዘለት፤ ቡቺ ራሱ አፍንጫውን አስገባ። ይህን ሲያለማምደው ሰንብቷል።

ከአንገቱ ጀምራ በጣቶቿ ጀርባውን እየተጫነች ወረደች። ቡቺ ጭራውን እያወዛወዘ ቆመ። የግራ የኋላ እግሩን ትንሽ ወደ ኋላ ስትስበው ግን ድርቅ አለ። ጭራው ቆመ። ከንፈሩን ላሰ። ጭንቅላቱን ሳያዞር በዓይኑ ብቻ አያት፣ ነጩ ወጥቶ። እሷም ወዲያው ለቀቀችው። «ዳሌው ላይ ያመዋል» አለች።

እንግሊዝ አገር የሊንከን ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ሚልስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 የጻፉትን ነገረችን። በጠባይ ችግር ወደነሱ ከሚላኩት ውሾችና ድመቶች ቢያንስ ሲሶው አንድ የሚያማቸው ነገር እንዳለ ይገምታሉ። ባለቤቴ ቶሎ ብላ «ታዲያ ማስታገሻ ቤት ውስጥ አለኮ!» አለች። ሐኪሟ ደነገጠች። የሰው ማስታገሻ፣ በተለይ አይቡፕሮፌን፣ ውሻ ሊገድል ይችላል። የውሻ የራሱ አለው፣ እሱንም በክብደቱ መዝና ነው የምትሰጠው።

ቀጥላ «መቼ መቼ ነው የሚናከሰው?» ብላ ጠየቀች። እኔና ባለቤቴ እኩል «ሁልጊዜ!» አልን። ጋሽ ደምሴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ኧረ ሁልጊዜስ አይደለም፣ ልጄ። ቀን ታስሮ ሲውል ነው። ማታ ስፈታው እንኳን ሰው ድመትም አይነካ። ደግሞ በግራው በኩል የመጣበትን ነው የሚጠላው። ጠዋት ብርድ ሲሆን ይብስበታል።»

ሐኪሟ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። እኔ ደግሞ ጋሽ ደምሴን አየኋቸው። ደሞዝ የሚከፈላቸው ለበሩ ነው፤ ስለ ቡቺ አስተያየት የጠየቃቸው የለም። ከዚህ ቡድን አንድ ሰው ቀንስ ብባል ራሴን ነው የምቀንሰው።

ልጁ ሥራውን የሚሠራው ጎህ ሲቀድ፣ ባጃጅ ሳይበዛ ነው። ቡቺ ባጃጅ አይቶ የማይፈነዳበትን ርቀት ፈልጎ እዚያ ይቆማል። ባጃጁ ሲታይ ሥጋ፣ ሲያልፍ ሥጋው ያበቃል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው አለኝ፤ ሥጋው ከቀደመ ቡቺ ሥጋውን አይቶ ባጃጅ መጣብኝ ማለት ይጀምራል። አሁን አንዳንዴ ባጃጅ ሲያይ ዞር ብሎ ልጁን ያየዋል፣ «የታለ?» እንደማለት። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ መውሰድ ግን ገና ነው። የዓሣው ሽታ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ አሞራ፣ የሰዉ ግርግር፣ ያ ሁሉ ውሻ... እኔን ራሴን ያደክመኛል።

ባለቤቴ ለሰው እንስጠው የሚለውን አልተወችም። አልፈርድባትም፣ ልጆች አሉን። ግን ለሰው መስጠት ንክሻውን ወደ ሌላ ቤት ማዛወር ነው። ሐኪሟም አላባበለችንም። ብዙው ይሻሻላል፣ አንዳንዱ ግን መቼም የማይታመን ሆኖ ይቀራል፤ ያኔ በመርፌ ለዘለዓለም ማስተኛትም የሚወራ ነገር ነው አለች። ባለቤቴ ዝም ብላ ሰማችና እስከ ጥምቀት ጊዜ ሰጠችው። «ለውሻም ቀጠሮ!» ብለው ሳቁ ጋሽ ደምሴ።

ሰንሰለቱ ይቀራል። በምትኩ ጓሮ በኩል በሽቦ የታጠረ ሰፊ ቦታ ይሠራለታል፣ በሩ ላይም ሁለተኛ መዝጊያ ይጨመራል። ብየዳ ሠሪው ነገ ለክቶ ዋጋ ሊነግረን ይመጣል። ሰውዬውን በቡቺ ቀኝ በኩል እንዲያስገቡት ለጋሽ ደምሴ ነግሬያቸዋለሁ። «አንተ ነህ ለኔ የምትነግረኝ?» አሉኝ።