ብረቱ አዲስ ነው፤ ደረሰኙም አለኝ

አሜሪካ ውስጥ የብረት ቅርፄ የቀረበበትን ኤግዚቢሽን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ከአዲስ አበባ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «አንቺ፣ በስንት ዶላር ተሸጠ?» አልተሸጠም። አንዷ አብሮ አደጌ ደግሞ «እዚያማ ሁሉም ነገር ተመቻችቶ ነው የሚጠብቅሽ፣ አንቺ ሄደሽ መቆም ብቻ ነው» አለችኝ። ይህን ያስጻፈችኝ እሷ ናት።

ሥራው የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ እናት ናት። ጎንበስ ብላለች፣ ሸክሟ ከራሷ በላይ ወጥቷል። አጥንቷ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የብረት ዘንግ)፣ ልብሷና ሸክሟ የ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ (ዝርግ ብረት) ነው።

ሰው ልፋቱ ብየዳው ላይ ይመስለዋል። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ብየዳ የለመደ ሰው የትም አይቸገርም። ልፋቱ ማጠናቀቁ ላይ ነው። የብየዳውን ጠባሳ በግራይንደር ማስተካከል፣ ቅባቱን በአሴቶን ማጽዳት፣ ከዚያ አቼቶ፣ ጨውና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀላቅሎ መርጨት። ዝገቱ ዓይናችሁ እያየ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ብርቱካናማ ይሆናል፣ እየደጋገማችሁ ስትረጩትና ሲደርቅ የሸክላ ድስት መልክ ይይዛል። የአንድ ጣት ቅባት እንኳ ከቀረ ዝገቱ እዚያች ላይ አይዝም፣ አሻራው ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የፈለግኩት ቀለም ሲመጣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ብረቱን በእሳት ሞቅ አድርጌ ሰም ቀባሁት። ይህ ሁሉ የሚሆነው ቀን ፓርኪንግ ስሠራ ውዬ ማታ ነው፤ እሱም ጎረቤት በግራይንደሩ ጩኸት እስኪያማርር ድረስ።

አገር ቤት ብልጭታው በመንገደኛ እግር መሃል እየተረጨ እንበይዳለን፣ ጭሱ ሲያመን «ወተት ጠጪበት» እንባላለን። እዚህ የሚቀጣጠል ነገር ባለበት አንዲት ነጥብ ለመበየድ እሳት ማጥፊያ አጠገብ ይቀመጣል፣ ከጨረሱ በኋላም እሳት እንዳይነሳ ቆሞ መጠበቅ ግዴታ ነው። ያሰለቻል፣ ግን ይሻላል። ወተት ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ የሚወጣውን ጭስ ከሳንባ አያወጣም።

የተከላው ዕለት የነዳጅ እንኳን አልቀበልም ያሉ አንድ ጋሼ በፒክአፓቸው አደረሱኝ። በሩ ላይ መጀመሪያ የተጠየቅኩት የኢንሹራንስ ወረቀት ነው። ቀጥሎ ክብደቱ በፓውንድ። የዚህ ላሜራ አንድ ካሬ ሜትር ብቻውን ከ23 ኪሎ በላይ ስለሆነ ወለሉ መቻሉን፣ ሕፃን ቢደገፍበት አለመውደቁን ማሳየት ነበረብኝ። እግሯን ወፍራም ብረት ላይ በቡሎን አሰርኩ፣ ከሥር ላስቲክ አነጠፍኩ። እስከዚህ ቅር አላለኝም።

ከዚያ ቀና ስል ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መግለጫ አየሁት። «ከተጣሉ ቁርጥራጭ ብረቶች የተሠራ» ይላል። እኔ የላክሁት «ብረት፣ ሰም» የሚል ነበር። አዘጋጇን ጠራኋት። ፈገግ ብላ «ከአፍሪካ የመጡ አርቲስቶች ብዙ ጊዜ በተጣለ ዕቃ ስለሚሠሩ፣ ተመልካችም ታሪኩን ስለሚወደው ነው» አለችኝ። ደረሰኙን ከስልኬ አውጥቼ አሳየኋት። ላሜራው አዲስ ነው፣ የከፈልኩበት የፓርኪንግ ደሞዜን ነው። «ከመክፈቻው በኋላ እናስተካክለዋለን» አለች። ስለዚህ በመክፈቻው ምሽት ወይን የያዘ ሰው ሁሉ እየመጣ ከቆሻሻ እንዴት ይህን እንዳወጣሁ ሲያደንቀኝ አመሸ። ለእያንዳንዱ «አዲስ ብረት ነው» ስል አመሸሁ። የእኛ ሰዎችም መጥተው ነበር፤ አንድ አባት ዞር ዞር ብለው አይተው «ልጄ፣ ይሄ ብረት እኮ ጥሩ የግቢ በር ይወጣው ነበር» አሉኝ። እሳቸው ቢያንስ ብረቱን አይተውታል።

በተጣለ ብረት መሥራት ያሳፍራል እያልኩ አይደለም። መበየድ ያስተማሩኝ በርሜል ቀጥቅጠው ምድጃ የሚያወጡ የመርካቶ ሰዎች ናቸው፣ እኮራባቸዋለሁ። የተጣለ ብረት ከተመረጠም ግን መራጯ እኔ ነኝ። ዋሽንግተን ኤምባሲያችን ግድግዳ ላይ ሠዓሊዎቹ እስክንድር ቦጎሲያንና ከበደች ተክለአብ የሠሩት ሰፊ የአሉሚኒየም ሥራ አለ። ንድድ ሲለኝ እሱን አስባለሁ። አበሻ በብረት ሲሠራ የግድ ከቆሻሻ መሆን እንደሌለበት ያ ግድግዳ ይመሰክራል።

ለመምጣት የምታስቡ ቀራፂዎች፣ ኑ። ግን በጋራ ኤግዚቢሽን ማጓጓዣውንና ኢንሹራንሱን ብዙ ጊዜ ከፋዩ ራሳችሁ ናችሁ፣ የቀን ሥራ ሳትይዙ አትጀምሩ። የብረቱን ደረሰኝ አትጣሉ። የመግለጫውን ጽሑፍ ራሳችሁ ጽፋችሁ በኢሜይል ላኩ፣ ከመታተሙ በፊትም ላሳየኝ በሉ። እምቢ ካሉ ቡሎኑን ሳታጠብቁ ተከራከሩ፣ ከተተከለ በኋላ ማንም አይሰማችሁም።