ኤርታሌና ማሲንቆ በአንድ ቀን

ዛሬ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስመጣ ታክሲ ውስጥ የሮክ ቡድኑን የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» አልበም ከፈትኩ። ወርጄም አላቆምኩትም። የፋሲል ግቢን አጥር ተከትዬ በእግሬ እየዞርኩ ጨረስኩት። ወይ ሙዚቃ!

አልበሙ የወጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ነው። ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው የቤዝ ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው፤ ከጂጂ ጋር የሠራው። ለእኛ ቅኝት እንግዳ አልነበረም፣ ያስታውቃልም። ጊታሩ በዲስቶርሽን፣ ማለትም ሆን ተብሎ በሻከረ ድምፅ፣ ሲጮህ እንኳ የአገር ቤት ዜማው አይጠፋም። ድራሙ ከባድ ነው፣ ድምፃውያኑ ግን እንደ አገራችን ያንጎራጉራሉ።

ማታ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር አዝማሪ ቤት ገባን። ጠጋ ብዬ የተጫዋቹን ጣቶች አየሁ። ማሲንቆ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ነው። ጣቱ ክሩን ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም። ለዚህ ነው ድምፁ እየተንሸራተተ አንጀት የሚበላው። የሮክ ጊታሪስትም ክሩን ገፋ አድርጎ ሲያስለቅሰው ወደዚያ ይጠጋል። ደግሞ ትዝታ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ነው፤ ብሉዝና ሮክም በአምስት ድምፅ ስኬል ብዙ ይጫወታሉ። «ሮክ ለእኛ አይሆንም» የምትሉ እባካችሁ አልበሙን አንዴ ስሙት።

እኔ የምመኘው፣ የጎንደር ልጆች ማሲንቆውን ራሱን አምፕሊፋየር ላይ ሰክተው አልበም ሲሠሩ ማየት ነው። ድራም የምትመቱ ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ ከአንድ ጎበዝ ማሲንቆ ተጫዋች ጋር አገናኛችኋለሁ።