ለሐረጎ ቁልቁለትና ለደላንታ ጭቃ ጎማ ስመርጥ

የምኖረው ደሴ ነው። ፒካፔ ሁለት ዓይነት መንገድ ላይ ትውላለች። አንዱ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው አስፋልት ነው። ዝናብና ጉም ሲገናኙበት ከፊት ያለው አይሱዙ እንኳ አይታይም። ሌላው ምስር ለመጫን የምገባበት የደላንታ ገጠር መንገድ ነው። ሐምሌ ላይ ዋልካው ጎማው ላይ እየተለጠፈ ጥርሱን ይደፍነዋል። ባለፈው ሰኔ አራቱንም ስቀይር ጭንቀቴ ለሁለቱም የሚሆን ጎማ ማግኘት ነበር።

ብዙ ሹፌር የሚመክረው ኤምቲ የሚባለውን የጭቃ ጎማ ነው። ጥርሱ ትልልቅ፣ ክፍተቱም ሰፊ ስለሆነ ጭቃውን እየተፋ ይሄዳል። ዋልካ ላይ የሚስተካከለው የለም። ግን በዚያው ክፍተት ምክንያት እርጥብ አስፋልት የሚነካው ላስቲክ ያንሳል፤ ፍሬን ሲያዝ ርቆ ነው የሚቆመው። ሐረጎን የወረደ ሰው ይሄ ይገባዋል። ኤችቲ የሚባለው የአስፋልት ጎማ ደግሞ ዋልካ ሲነካ ወዲያው ይንሸራተታል። መሃል ያለውን ኤቲን መረጥኩ። ጭቃ ቢይዘኝ ሰው ጠርቼ አስገፋለሁ፤ ቁልቁለት ላይ መኪናው አልቆም ካለኝ ግን የሚደርስልኝ የለም።

አንድ ሻጭ «ለክረምት ነው» ብሎ የበረዶ ጎማ አውጥቶልኝ ነበር። ያ ላስቲክ ከ7 ዲግሪ በታች እንዳይደርቅ ለስለስ ተደርጎ የተሠራ ነው። በኮምቦልቻ ሙቀት ቶሎ ያልቃል፤ ተውኩት።

ከሁሉ በላይ ያየሁት የተሠራበትን ጊዜ ነው። ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 2423 ከሆነ በ2023 24ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፤ በእኛ ሰኔ 2015። አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። 4015 አይቶ «የ2015 ነው፣ አዲስ ነው» የሚል አለ፤ ያ ጎማ ግን በእኛ መስከረም 2008 የተሠራ ነው። መጋዘን ቢቀመጥም ላስቲክ ያረጃል። ጎሚስታው እንዲህ ያለውን አንዱን በሁለት እጁ ጫን አድርጎ «ጋሼ፣ ጥርሱ ሥር ይዩት» አለኝ። ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ዙሪያውን ይዞታል። ጥርሱ ገና አልተነካም።

ጭነት ስላለብኝ 10 ፒአር (10PR፣ የጎማውን የመሸከም ጥንካሬ የሚያሳይ ምልክት) የሚል የተጻፈበትን ወሰድኩ። ጎኑ ወፍራም ነው፤ ስለታም ድንጋይ ቶሎ አይቆርጠውም። ባዶ ስትሆን መኪናዋ ታነጥራለች፣ ይሄን ችዬዋለሁ።

ንፋስ የማስሞላው በሹፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ልክ ነው። ጎማው ላይ የተጻፈው ከፍተኛው መጠን ነው፣ እሱን አልከተልም። ጭቃ ላይ ቀነስ አደርጋለሁ፤ አስፋልት ሳልገባ በትንሿ የንፋስ ፓምፕ እመልሰዋለሁ። ጥርሶቹ መሃል ያለችው፣ ጎማው ማለቁን የምታሳየው ጉብታ 1.6 ሚሊ ሜትር ላይ ናት። እኔ እዚያ እስኪደርስ አልጠብቅም፤ የጥርሱ ጥልቀት 4 ሚሊ ሜትር ሲቀረው እቀይራለሁ።

አቅም ለሁለት ብቻ ከሆነ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ። ብዙ ሰው ከፊት ነው የሚያስገባው። እርጥብ ኩርባ ላይ ግን የፊቱ ቢንሸራተት ፍጥነት ቀንሶ ማስተካከል ይቻላል። የኋላው ከከዳ መኪናው ይዞራል፤ ያኔ በመሪ መመለስ ይከብዳል።